አሰገደችና ስምንቱ ባትሪዎቿ

ባትሪን የሚገድለው ብዙ ነገር ነው፤ ከሁሉ በፊት ግን ባለቤቱ ነው። ይህን የምለው ደብረ ማርቆስ መናኸሪያው ጀርባ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ባትሪ ቻርጅ ሳደርግና ስጠግን ኖሬ ነው። ሰው በሬውን ውሃ ሳያጠጣ አያሳድርም፤ ባትሪውን ግን ዓመት ሙሉ ክዳኑን ከፍቶ ሳያይ ይነዳበትና አንድ ጠዋት አልነሳ ሲለው «ጋሼ ምንይችል፣ ይህ ባትሪ ፎርጅድ ነው መሰለኝ» እያለ ተሸክሞ ይመጣል። ፎርጅዱስ አንተ ነህ እላለሁ በሆዴ። አንዳንዴ በአፌም እላለሁ። ደንበኞቼ ምላሴን ለምደውታል፤ «ምንይችል ይሳደባል እንጂ አይዋሽም» ይላሉ። ይህን ሲሉኝ ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። አሁን ሰው ሲናገረው ከሰማሁ ሱቁን ትቼ እወጣለሁ።

በዚህ ሁሉ ዘመን ባትሪ መያዝ የሚያውቅ አንድ ሰው ብቻ አጋጥሞኛል። ሴት ናት፤ አሰገደች ትባላለች። ትምህርቷ እስከ አራተኛ ክፍል ነው። ይህን የምጽፈው የእሷን ነገር ለመናገር ነው። እኔም የገባሁበት ያጠፋኋት እኔ ስለሆንኩ ነው።

አሰገደች የደብረ ወርቅ አካባቢ የገበሬ ልጅ ናት። አግብታ ጥቂት ዓመት እንደኖረች እግሮቿ አበጡና መራመድ አቃታት። ባሏ አንድ ክረምት ታገሠ፤ በሁለተኛው ሌላ አገባ። ወንድሞቿ በቃሬዛ ተሸክመው ከይጁቤ ወዲህ ወዳለው የኪዳነ ምሕረት ጠበል አመጧት። ከመኪናው መንገድ እስከ ጠበሉ ድረስ ኮረኮንች ቁልቁለት ነው፤ ለጤነኛ ሰው ግማሽ ሰዓት ነው፣ ለበሽተኛ ግን ግማሽ ቀን ይፈጃል። ቁልቁለቱ መሀል ላይ ታናሽ ወንድሟን አዳለጠውና ከነቃሬዛው ወደቁ። እዚያው አፈሩ ላይ ተዘርራ እንዳለች ተሳለች፤ «እመቤቴ፣ እግሬን ብትመልሽልኝ እድሜዬን ሙሉ እዚሁ አገለግልሻለሁ» አለች። በሰባተኛው ወር ቆማ ሄደች። ከዚያ በኋላ ወደ አገሯ አልተመለሰችም። ግቢ ትጠርጋለች፣ አቅም ለሌለው ውሃ ትቀዳለች፣ በር ትጠብቃለች። በሩ አጠገብ አንዲት የጭቃ ጎጆ ሰጧት። ከዚያች ጎጆና ከዚያ ስለት ሌላ በዓለም ላይ የእኔ የምትለው ነገር አልነበራትም።

ከአምስት ዓመት በፊት ባሕር ዳር አንድ ሎጅ ተዘግቶ ንብረቱ ሲሸጥ፣ የጠበሉ ሰበካ ጉባኤ አንዲት የኤሌክትሪክ መኪና ገዛ። ጎልፍ የሚባል ጨዋታ ለሚጫወቱ ሀብታሞች የተሠራች፣ ጣሪያ እንጂ በር የሌላት፣ ስድስት ሰው የምትይዝ ትንሽ ነገር ናት። በሽተኛን ከመንገዱ ወደ ጠበሉ ታወርዳለች ተብላ ነው። በአይሱዙ ተጭና ስትመጣ አገር ተሰብስቦ አየ። መጀመሪያ የተሰጠው ሾፌር በሳምንቱ አጥር ውስጥ ከተታት፤ ቻርጅ መሰካት የሚባል ነገርም አልሰማም ነበርና ባዶዋን ሦስት ቀን አቆማት። ያኔ አሰገደች «እኔ ልያዛት» አለች። ከጉባኤው አባላት አንዱ፣ አቶ እንዳላማው፣ «ሴትና መኪና!» ብለው ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። «መኪናስ አይደለችም፤ ስትሄድ እንኳ አትጮህም» አለቻቸው። ሰብሳቢው መርጌታ ወልደ ሚካኤል ናቸው፤ ሁላችንም የኔታ ነው የምንላቸው። እሳቸው «ያን ቁልቁለት ከእሷ በላይ የሚያውቀው የለም፤ ስጧት» አሉና ነገሩ አለቀ።

ባትሪዎቹን እንዳይ እኔ ተጠራሁ። ከመቀመጫው ሥር ስምንት ወፋፍራም ባትሪዎች ተደርድረዋል፤ እያንዳንዱ ሦስት ክዳን አለው።

«ሃያ አራት አፍ ነው የምትቀልቢው» አልኳት።

«ልጅ የለኝም ጋሼ፤ እነዚህን አሳድጋለሁ» አለችኝ።

ቀልዴ መጥፎ ቦታ እንደነካ ገባኝና ሐፍረቴን ለመሸፈን ያህል ማስተማር ጀመርኩ። «ማታ ባዶውን አታሳድሪው። ባዶውን ያደረ ባትሪ ውስጡ ነጭ ነገር ይጋግርበትና ከዚያ በኋላ ቻርጅ አልቀበልም ይላል። ወደ ግማሽ ሳይወርድ መልሰሽ ሰኪው። ውሃ የሚሞላው ከቻርጅ በኋላ ነው፤ ቀድመሽ ከሞላሽው ሲሞቅ ያብጥና አሲዱ በክዳኑ ይገነፍላል። ከቻርጅ በፊት ፕሌት የሚባለው ውስጥ ያለው የእርሳስ ዝርግ ተራቁቶ ካገኘሽው ግን እሱን እስኪሸፍን ብቻ ጠብ አድርጊበት። አሲድ በጭራሽ አትጨምሪ፤ የሚተነው ውሃው እንጂ አሲዱ አይደለም።»

«የምጨምረው የቧንቧ ውሃ ነው?»

«አይሆንም። የባትሪ ውሃ የሚባል አለ፤ ተንኖ የተጣራ ነው። ከእኔ ሱቅ ትወስጃለሽ።»

«የምንጭስ?»

«አይሆንም አልኩሽ።»

ግራ ቀኟን አየችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ «ጠበሉስ ጋሼ?» አለችኝ።

«ጠበሉ ለሰው ነው። ከመሬት የፈለቀ ውሃ ሁሉ ጨውና ብረት አለበት፤ ባትሪ ይገድላል። ባትሪ ደግሞ ክርስትና አልተነሳም» አልኳት። አፏን በነጠላዋ ይዛ ሳቀች።

አሲዱን የምትለካበት፣ ውስጡ ተንሳፋፊ ያለበት የብርጭቆ መሣሪያ አዋስኳት። ባትሪው ሲጠግብ ተንሳፋፊው ከፍ ይላል፣ ሲራብ ይሰምጣል፤ በቃ ይኸው ነው አልኳት። ለሌላ ሰው ብሰጠው ኖሮ በወሩ ተሰብሮ ይመጣ ነበር። አሰገደች በፎጣ ጠቅልላ ሣጥን ውስጥ ታስቀምጠዋለች። ሃያ አራቱም አፍ ላይ የግዕዝ ቁጥር ጻፈችባቸው። በየሳምንቱ ቅዳሜ ማታውን ቻርጅ ሲጠጡ ካደሩ በኋላ፣ የጎማ ጓንት አጥልቃ፣ የሆነ ሰው ጥሎት የሄደ መነጽር ዓይኗ ላይ አድርጋ አንድ በአንድ ትለካለች፤ በደብተርም ትጽፋለች። ላዩን ሶዳ በበጠበጠችበት ውሃ ታጥባለች፣ ሽቦው የሚታሰርበትን ትፈትግና ግሪስ ትቀባለች። ሰው ቢስቅባት ግድ የላትም። «የባትሪ እመምኔት» የሚል ስም ወጣላት፤ እሷም ስትጠራ አቤት ትል ነበር። አንዳንድ ጊዜ ትደውልልኛለች። «ጋሼ፣ አሥራ ሰባተኛው ትንሽ ደክሟል፤ ምን ላድርገው?» ትለኛለች። ሥራ በዝቶብኝ ሲሆን እቆጣታለሁ፤ ስልኩን ስዘጋ ግን ለብቻዬ እስቃለሁ።

እኔ እነዚያን ባትሪዎች ሳያቸው የሰጠኋቸው ቢበዛ ሁለት ዓመት ነበር። አራተኛ ዓመታቸውን ያዙ። በቀን አምስትና ስድስት ጊዜ ቁልቁለቱን ይወርዳሉ፣ ዳገቱን ይወጣሉ። ባትሪ ገድሎ ለሚመጣ ደንበኛ ሁሉ «ሂድና ከአሰገደች ተማር» እለው ነበር። ኩራቴ እሷ ነበረች ብል አልዋሸሁም።

አሁን ወደ እኔ ነገር እመጣለሁ።

ዕቃ ከሩቅ የሚመጣበት መንገድ ተዘጋጋ። የባትሪ ውሃ ከሚመጣበት መምጣቱን አቆመ። የነበረኝ በአንድ ወር አለቀ። ያን ጊዜ «የለም» ማለት ይቻል ነበር፤ የለም ብሎ የሞተ ሰው የለም። እኔ ግን ደንበኛ ከሱቄ ባዶ እጁን መመለሱ ሆዴን በላው። የጉድጓድ ውሃ አስቀዳሁ፣ በትልቅ ድስት አፈላሁ፣ አቀዘቀዝኩ፣ በነጠላ አጠለልኩና በድሮዎቹ ጠርሙሶችና ጀሪካኖች ሞላሁ። ውሃ ቢፈላ ጀርሙ እንጂ ጨዉ እንደማይሞት ከእኔ በላይ የሚያውቅ በደብረ ማርቆስ የለም። ለራሴ ግን «ከምንም ይሻላል፤ በሚቀጥለው ወር እውነተኛው ይመጣል» አልኩት። እውነተኛው በአምስተኛው ወር መጣ።

አሰገደች ሁለት ጀሪካኖቿን ይዛ መጣች። ሌላው ሁሉ ደንበኛ ክዳን ከፍቶ የሚያየው በዓመት አንዴ ነው፤ ጉዳቱም ቢደርስበት ዘግይቶ ነው። እሷ ግን በሳምንት በሳምንቱ ነው የምታጠጣቸው። ይህን አውቃለሁ። ያስተማርኳት እኔ ነኝ። ጀሪካኑን ስሞላላት እጄ ቀስ አለ፤ ልነግራት አፌ ላይ ደርሶ ነበር። «እግዚአብሔር ይስጥልኝ ጋሼ፣ እርስዎ ባይኖሩ ምን እሆን ነበር» አለች። ከዚያ በኋላ መናገር አፈርኩ።

በሦስተኛው ወር ደብተሯን ይዛ በሚኒባስ መጣች። ሱቁ በሰው ሞልቶ ነበር።

«ጋሼ፣ ስድስተኛው ሙሉ ቻርጅ አድርጌው ያድርና ሲነጋ ወርዶ አገኘዋለሁ። አሁን ደግሞ ስምንተኛውና ዘጠነኛው እንደሱ ሆኑ። አፋቸው ላይ ነጭ ነገር አለ። ውሃው ተቀይሯል እንዴ?»

ሰዉ ሁሉ ወደ እኔ ዞረ። ደሜ ፈላ። «ሠላሳ ዓመት የሠራሁበትን አንቺ ልታስተምሪኝ ነው? ክዳኑን ሳትጠርጊ እየከፈትሽ አፈር እያስገባሽበት ነው!» ብዬ ጮህኩባት።

ቆማ አየችኝ። «እውነትዎን ነው፤ እጄ ይሆናል። ይቅርታ ጋሼ» አለች። አንድ ጀሪካን ጨምራ ገዝታ ሄደች። ከዚያ ወዲህ ክዳን ከመክፈቷ በፊት ሦስት ጊዜ ትጠርግ እንደነበር በኋላ ሰማሁ። ሦስት ጊዜ ጠርጋ የእኔን መርዝ ታጠጣቸው ነበር።

በኅዳር ወር መኪናዋ ዳገቱ መሀል ላይ ቆመች። የተሳፈሩት አንድ ሽማግሌና ልጃቸው ነበሩ። አሰገደች ወርዳ ብትገፋ አልሆነም። ሰዎች መጥተው ሽማግሌውን በጀርባቸው ተሸክመው አወጧቸው። በማግስቱ ሰበካ ጉባኤው እኔን አስጠራ። ስሄድ መኪናዋ ግቢው ውስጥ ካለው ዋንዛ ዛፍ ሥር ተገፍታ ቆማለች፤ የጉባኤው ሰዎች ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። አሰገደች ራቅ ብላ ቆማለች።

ክዳኑን ከፈትኩ። ሳላይ የማውቀውን አየሁ፤ አሲዱ የወንዝ ጎርፍ መስሏል፣ ፕሌቱ ላይ ነጭ ነገር ተጋግሯል። ሃያ አራቱንም ለካሁ። መለካት አያስፈልገኝም ነበር፤ ጊዜ ለመግዛት ያህል ነው።

«ምን ነካቸው?» አሉኝ የኔታ።

«ውሃ ነው የኔታ። መጥፎ ውሃ ገብቶባቸዋል።»

ይህን ያህሉ እውነት ነበር። ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ አውቀዋለሁ፤ ውሃው ከየት መጣ ይሉኛል። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚሉት ትዝ አለኝ፤ ሠላሳ ዓመት የሠራሁት ስም በዚያች ጥያቄ ሊቀበር ነው። ዓይኔን መሬት ላይ ተክዬ ጠበቅሁ። የመጣው ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አቶ እንዳላማው ጢማቸውን እያሻሹ «ጠበል ጨምራባቸው ይሆን እንዴ?» አሉ።

«ይመስላል» አልኩ።

እኔ አላሰብኩትም፤ እሳቸው አሰቡልኝ። እኔ ያልኩት አንዲት ቃል ናት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ ወጣች።

ሰዉ ሁሉ አንገቱን ነቀነቀ። ለምን አያምን? እዚያ ቦታ ሰው ዘሩን ከመዝራቱ በፊት ጠበል ይረጭበታል፣ የታመመች ላም ያጠጣል፣ አዲስ መኪና ያስባርካል። አንዲት ጠበል ያዳናት ሴት የደከመ ባትሪዋን ጠበል ብታጠጣው ምን ይገርማል? ከእኔ በቀር የማይሆን ነው የሚል ሰው አልነበረም።

«ልጄ፣ ጠበል ጨምረሻል?» አሏት የኔታ፤ በቁጣ አልነበረም።

«ኧረ አልጨመርኩም አባቴ!» አለች። ደነገጠችና ሳታስብ ቀጠለች፤ «ጠበል እኮ ባትሪ ይገድላል።»

አቶ እንዳላማው ብድግ አሉ። «ምን አልሽ? ጠበል ይገድላል? ያቆመሽ ጠበል ይገድላል?»

አሰገደች ያን ጊዜ ወደ እኔ ዞረች። ያን ቃል ያስተማርኳት እኔ እንደሆንኩ ታውቃለች፤ «ከመሬት የፈለቀ ውሃ ሁሉ ባትሪ ይገድላል፣ እውነቷን ነው፣ እኔ ነኝ ያልኳት» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። መሣሪያዬን መጥረግ ጀመርኩ። ጠረግሁት፣ ጠረግሁት። ቀና ስል እሷም አቀርቅራለች። ከዚያ በኋላ የወደቀ ዛፍ ምሳር ይበዛበታል ነው፤ አንዱ ከድሮም ትታበይ ነበር አለ፣ ሌላው ለባትሪ ከምትሰግድ ለእመቤቴ ብትሰግድ አለ። ጨምራለች ያለው ጠበሉን አረከሰች አለ፤ አልጨመረችም ያለውም ጠበሉን ሰደበች አለ። በየትም በኩል መውጫ አልነበራትም።

ጎጆሽን በሦስት ቀን ልቀቂ ተባለች። እኔ ደብረ ማርቆስ ሳልመለስ መኪናው መንገድ ላይ ሚኒባስ ስጠብቅ መጣች። በፎጣ የተጠቀለለውን መለኪያ ሰጠችኝ። «የእርስዎ ነው፤ ታጥቧል» አለች። ሌላ ነገር ትናገራለች ብዬ ብጠብቅ «ደህና ይግቡ ጋሼ» ብላ ሄደች። ብትሰድበኝ ኖሮ እንቅልፍ እተኛ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ያለውን ጊዜ እንዴት እንዳለፍኩት አላውቅም። በሽተኛ እንደ ድሮው በቃሬዛ ይወርዳል። ወሬው ደግሞ ክንፍ አወጣ። ይጁቤ ገበያ ላይ ጠበሉ ከአሲድ ጋር አልደባለቅም ብሎ እንደፈላ፣ ባትሪው ውስጥ ድምፅ እንደተሰማ ሲያወሩ በጆሮዬ ሰማሁ። እኔ ሱቅም መጥተው «አንተ እኮ በዓይንህ አይተሃል» ይሉኛል። ምላሴ የት እንደገባ እንጃ። ምግብ አስጠላኝ፤ ክዳን በከፈትኩ ቁጥር እሷ ሦስት ጊዜ ስትጠርግ ይታየኛል። አፈርኩ፣ ተዋረድኩ፤ ያውም ማንም ሳያየኝ።

የንስሐ አባቴ ቄስ ሙላት ናቸው። ጥር መጨረሻ ላይ ቤታቸው ሄጄ ሁሉንም ዘረገፍኩላቸው። እውነቱን ለመናገር ስግደትና ጾም ሰጥተውኝ በዚያው የሚያልቅ መስሎኝ ነበር።

«ለእኔ የነገርከኝን እግዚአብሔር ሰምቷል» አሉኝ። «አቶ እንዳላማው ግን አልሰሙም። ውሸትህ በአደባባይ፣ ንስሐህ በጓዳ እንዴት ይሆናል? ያጠፋኸውን ንብረት ተካ፣ የዋሸኸውን እዚያው በዋሸህበት ቦታ መልስ።»

ሁለቱንም አደረግሁ፤ ጥፋቴ ቅደም ተከተሉ ላይ ነው። ለልጄ ያስቀመጥኩትን ቦታ ሸጬ ስምንት አዲስ ባትሪ ገዛሁ። የካቲት አሥራ ስድስት ኪዳነ ምሕረት ከመድረሷ ሁለት ቀን በፊት ራሴ ወስጄ ገጠምኩ። መኪናዋ ስትንቀሳቀስ እልል ተባለ፤ አሮጊቶች እጄን ሳሙ። መናገር የነበረብኝ ያኔ፣ ባትሪውን ሳልሰጥ በፊት ነበር። እኔ ግን በበዓሉ ቀን፣ ሕዝብ በሞላበት፣ ልክ እንደሚገባው እናገራለሁ ብዬ አቆየሁት።

በበዓሉ ቀን ከቅዳሴ በኋላ የኔታን አስፈቅጄ ቆምኩ። «አሰገደች ጠበል አልጨመረችም» አልኩ። «የጉድጓድ ውሃ አፍልቼ የባትሪ ውሃ ነው ብዬ የሸጥኩላት እኔ ነኝ። ባትሪውን የገደልኩት እኔ ነኝ። ጠበል ባትሪ ይገድላል ብዬ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ያን ቀን ዋሸሁ።»

ድንጋይ የሚያነሳ ካለ ያንሳ ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስገልጥ አቶ እንዳላማው እንባቸውን በጋቢያቸው ጫፍ እየጠረጉ ነው።

«እንዲህ ነው ክርስቲያን!» አሉ። «ባትሪውን ከራሱ ተካ፣ አሁን ደግሞ የሷን ጥፋት ራሱ ላይ ጫነ!»

«አይደለም!» አልኩ። «እውነቴን ነው! እኔ ነኝ!»

«ታዲያ ያን ቀን ለምን አልተናገርክም?» አሉኝ የኔታ።

«ፈርቼ ነው።»

«አንተ? ስንቱን ሹም በምላስህ የምትገርፍ ሰው ፈራህ?» ሲሉ ሰዉ ሳቀ፤ እሳቸውም በፍቅር ፈገግ አሉ። «ምንይችል ዋሽቶ አያውቅም» አለ አንዱ ከኋላ። ጮህኩ፣ ማልኩ፣ ተሳደብኩም። በጮህኩ ቁጥር «ትሕትናው!» አሉ። አንዲት ሴት እልል አለች፤ ሌሎቹ ተከተሏት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ እውነት እያደር ጨለመ። እነሱ ጠበሉ የተቆጣበትን ታሪክ ወደውታል፤ እኔ ያመጣሁላቸው ታሪክ ደግሞ አንድ ድስት የጉድጓድ ውሃ ብቻ ነው።

በመጨረሻ የኔታ እጃቸውን አነሱ። «ስለ ምንይችል ስንል አሰገደችን ይቅር ብለናታል። ትመለስ። ጎጆዋም የመኪናዋም ቁልፍ ይመለስላት» አሉ። መልእክቱንም እንዳደርስ እኔን ላኩኝ።

አሰገደች ጉንደ ወይን አንዲት የአክስቷ ልጅ ዘንድ እንደተጠጋች ሰምቼ ነበር። ገበያ ውስጥ ጉሊት ላይ አገኘኋት፤ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት መደብ መደብ አድርጋ ተቀምጣለች። ከስታለች። ስታየኝ ብድግ አለች፤ እንደ ድሮው ጎንበስ ብላ እጅ ነሳች። መሬት ብትውጠኝ ምን ነበረበት አልኩ። ድንጋይ ስባ አስቀመጠችኝና ሁሉንም ነገርኳት፤ ድስቱን፣ ነጠላውን፣ ጀሪካኑን፣ ሱቅ ውስጥ የጮህኩባትን።

«አውቄው ነበር» አለች በመጨረሻ። «ያን ቀን ዋንዛው ሥር ክዳኑን ሲከፍቱ ፊትዎን አይቼ አወቅሁ።»

«ታዲያ ውሃውን የሰጠኝ እሱ ነው ለምን አላልሽም?»

«እርስዎ ይናገራሉ ብዬ ስጠብቅ ነበር።»

አለቀስኩ። ሽማግሌ ሰው ገበያ መሀል ሲያለቅስ አያምርም፤ ቢሆንም አለቀስኩ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንደሚባለው ነው። ይቅርታ ጠየቅኋት። ነጠላዋን አስተካክላ «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎት፤ እኔም ይቅር ብያለሁ» አለች። ያን ጊዜ ትንፋሽ መለስ ያለልኝ መሰለኝና የተላክሁበትን ተናገርኩ።

«ይቅር ብለውሻል። ጎጆሽም የመኪናዋም ቁልፍ ይመለስልሽ ብለዋል። ነይ እንሂድ።»

«ምን አድርጌ ነው ይቅር ያሉኝ?» አለች።

እየተንተባተብኩ የሆነውን ነገርኳት፤ እንዳላመኑኝ፣ እልል እንዳሉልኝ። እየሰማችኝ የተበተነ ሽንኩርት ወደ መደቡ ትመልሳለች።

«ስለቴ እዚያ ነው ጋሼ» አለች። «እግሬን የመለሰችልኝ እመቤቴ እዚያ ናት። ሌሊት በሕልሜ ቁልቁለቱን እነዳለሁ።» ቀና ብላ አየችኝ። «እርስዎ ያጠፉትን ነግረውኛል፤ ይቅር አልኩዎት። እነሱ ግን ያላጠፋሁትን ነው ይቅር ያሉኝ። ሄጄ ቁልፉን ብቀበል ጠበል ጨምሬ ነበር ማለቴ ነው። ብቀር ስለቴን አፈረስኩ። የትኛው እንደሚሻለኝ እርስዎ ይንገሩኝ።»

ሽንኩርት የምትገዛ ሴት መጣችና ከመደቡ ፊት ዞር እንድልላት ጠየቀችኝ፤ ዞር አልኩላት።